የማኅበራት አባላትና ገቢ የሚያድጉበት መንገድ፤ በጂንካና በደቡብ ኦሞ ምሳሌነት

መግቢያ

ሰዎች በአንድ ሙያ ወይም በአንድ ጉዳይ ተባብረው ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ በየዓመታዊው ጉባኤ የሚነሡት ዋና ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው አባላቱ እንዴት ይብዙ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ጥያቄዎች እንደ አንድ ተቆጥረው፣ አባል ከበዛ ገቢውም በዚያው ልክ ይበዛል ተብሎ ይታመናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እምነት በአንዱ ማኅበር እውነት፣ በሌላው ግን ሐሰት መሆኑን ማሳየትና ምክንያቱን ማስረዳት ነው።

ለምሳሌ ጂንካንና ደቡብ ኦሞን መርጠናል። ጂንካ ቀድሞ በገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የነበረች ስትሆን፣ በኋላም ለብዙ ዘመን የደቡብ ኦሞ ዞን መቀመጫ ሆና ቆይታለች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም የአሪ ሕዝብ በራሱ ዞን ተደራጅቷል፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ደቡብ ኦሞ ስንል ጂንካንና በዙሪያዋ ያለውን ጠቅላላ አገር ማለታችን ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በዚህ አገር 573,435 ሰው ይኖር ነበር። ሕዝቡም አሪ፣ ሐመር፣ በና፣ ካራ፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ፀማይ፣ ማሌ፣ አርቦሬ፣ ዲሜና ሌሎችም በየቋንቋቸውና በየልማዳቸው የሚኖሩበት ነው። መንገዱ ሩቅ፣ ቋንቋው ብዙ፣ በደመወዝ የሚኖረውም ሰው ጥቂት በሆነበት አገር ማኅበር ማቋቋምና መዋጮ መሰብሰብ ቀላል ሥራ አይደለም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ተሸፍነው የሚያልፉ ችግሮች በዚህ አገር ጎልተው ይታያሉ።

አባል የሚገባባቸው ሦስት በሮች

አንድ ሰው ወደ ማኅበር የሚገባው በሦስት ልዩ ልዩ ምክንያቶች ነው። እኛም ለማስረዳት እንዲመች ሦስት በሮች ብለን ሰይመናቸዋል።

የመጀመሪያው የግዴታ በር ነው። ይኸውም ማኅበርተኛ ያልሆነ ሰው ሥራውን ሊሠራ የማይችልበት ነው። ለዚህ ግልጽ የሆነው ምሳሌ የጠበቆች ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን ሲያቋቁም፣ የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ ያለው ሁሉ አባል እንዲሆን ደንግጓል። እንዲህ ያለ ማኅበር አባል ፍለጋ አይዞርም፤ ፈቃድ በተሰጠ ቁጥር አባሉ ይጨምራል።

ሁለተኛው የተቀናሽ በር ነው። በዚህ በር የገባ አባል መዋጮውን በእጁ አይከፍልም፤ ደመወዙ ሲከፈለው ተቀንሶ ይቀራል። ሦስተኛው የፈቃድ በር ነው። በዚህ በር የሚገባ ሰው ማንም አያስገድደውም፤ የሚገባው ጥቅሙን አይቶ ነው፤ ጥቅሙ ሲጠፋም መክፈሉን ይተዋል። እድር፣ እቁብና አብዛኞቹ ትንንሽ የሙያ ማኅበራት በዚህ በር የቆሙ ናቸው።

ማኅበሩ በየትኛው በር እንደቆመ ሳይታወቅ ስለ አባላት ብዛት መከራከር ዋጋ የለውም። ምክንያቱም፣ ከዚህ ቀጥሎ እንደምናሳየው፣ አዲስ አባል ሲገባ ነባሩ አባል የሚያገኘውም የሚያጣውም ነገር እንደ ማኅበሩ ዓይነት ይለያያል።

እድር፤ አባል ሲበዛ ሸክም የሚቀልበት

በጂንካ ከተማ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ እድር አለ። እድር የሙያ ማኅበር ባይሆንም፣ ስለ መዋጮ ለሚያጠና ሰው ከሁሉ የተሻለ መምህር ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መዝገብ አለው፤ በቀጠሮ ያልተገኘ ወይም መዋጮ ያሳለፈ ይቀጣል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ገንዘቡም ለሐዘንተኛው ይሰጣል። አባሉ የከፈለው ገንዘብ ምን እንደሠራ በዓይኑ ያያል።

የእድርን ሂሳብ በሐሳብ ምሳሌ እናስረዳ። አንድ እድር 100 ቤተሰብ ቢኖረውና እያንዳንዱ በወር 20 ብር ቢከፍል፣ የዓመቱ ገቢ 24,000 ብር ይሆናል። በዓመት 4 ሞት ቢደርስና ለእያንዳንዱ 4,000 ብር ቢሰጥ 16,000 ብር ይወጣል። ለድንኳን፣ ለዕቃና ለጥበቃ 6,000 ብር ቢወጣ፣ 2,000 ብር ይተርፋል። አሁን ደግሞ አባሉ 200 ቤተሰብ ይሁን። ገቢው 48,000፣ ለሞት የሚከፈለው 32,000 ብር ይሆናል። ድንኳኑና ዕቃው ግን በእጥፍ መጨመር አያስፈልጋቸውም፤ ወጪው 7,000 ብር ቢደርስ ነው። ስለዚህ የሚተርፈው 9,000 ብር ይሆናል። አባሉ በእጥፍ ሲጨምር ትርፉ ከአራት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። በሌላም በኩል በትንሽ እድር በአንድ ወር ሦስት ሞት ቢደራረብ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል፤ በትልቁ ግን ያን ያህል አያናጋም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የሚሠራው እንዲህ ባለው ማኅበር ነው። ነባሩ አባል አዲሱን በደስታ የሚቀበለው በቸርነት ብቻ ሳይሆን፣ የራሱም ሸክም ስለሚቀልለት ነው።

እርግጥ ለዚህም ልክ አለው። እድር በጣም ሲሰፋ አባላቱ አይተዋወቁም፤ ለቀብር የሚወጣው ሰው ይቀንሳል፤ ቅጣቱም ማንን እንደሚነካ አይታወቅም። ስለዚህ ብዙ እድሮች ሲሰፉ ይከፈላሉ።

አስጎብኚዎች፤ አባል ሲበዛ ተራ የሚረዝምበት

አሁን ወደ ሌላ ዓይነት ማኅበር እንለፍ። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ በተለይም መንገዱ ከተሻሻለ በኋላ፣ ወደ ደቡብ ኦሞ የሚመጣው የውጭ አገር ጎብኚ በዝቶ ነበር። ጎብኚው በሐሙስ የቀይ አፈርን፣ በቅዳሜ የጂንካንና የዲመካን፣ በሰኞ የቱርሚን ገበያ እየተከተለ ይዘዋወራል፤ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ አልፎም ወደ ሙርሲ መንደሮች ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በጂንካ፣ በቱርሚና በመሳሰሉት ስፍራዎች የአካባቢ አስጎብኚዎች በማኅበር ተደራጅተዋል። ወደ መንደር የሚሄድ እንግዳም የአካባቢ አስጎብኚ ይዞ እንዲሄድ የሚጠየቅበት አሠራር አለ። እንግዲህ ይህ በአመዛኙ የግዴታ በር ነው፤ አባል ያልሆነ ወጣት ቋንቋውንና አገሩን ምንም ያህል ቢያውቅ ሥራውን አያገኝም።

እዚህ ላይ ያለው ሂሳብ ከእድሩ ጋር ተቃራኒ ነው። አሁንም በሐሳብ ምሳሌ እንመልከት። ሥራው በተራ የሚከፋፈልበት ማኅበር 40 አባላት ቢኖሩትና በዓመት 400 ጉዞ ቢኖር፣ ለእያንዳንዱ 10 ጉዞ ይደርሰዋል። አሥር አዳዲስ ወጣቶች ቢገቡ ግን ድርሻው ወደ 8 ጉዞ ይወርዳል። የማኅበሩ ገቢ ከእያንዳንዱ ጉዞ የሚቀነስ አንድ አሥረኛ ቢሆን፣ ጉዞው ያው 400 ስለሆነ ሳጥኑ በአንድ ብር እንኳ አይጨምርም። አባሉ አድጓል፤ ገቢው ግን ባለበት ቆሟል፤ የነባሩም ዳቦ ከአምስት አንድ እጅ ተቆርጧል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማኅበር መዝገቡን ለመዝጋት፣ የመግቢያ ክፍያውን ከፍ ለማድረግ፣ ወይም ልዩ ልዩ ምክንያት እየሰጠ አዲሱን ለማቆየት ዘወትር ይፈተናል። ይህ የአባላቱ ክፋት አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ ወደዚያ ይገፋቸዋል።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አለመሆኑንም አንባቢው ልብ እንዲል እንፈልጋለን። ጎብኚው ሊያይ የሚመጣው የሐመርን፣ የሙርሲንና የካራን ሰው ነው፤ ለፎቶግራፍ የሚቆመውም እርሱ ነው። ከእነዚሁ ሕዝቦች ትምህርት ቤት ገብተው የጨረሱ ወጣቶች አስጎብኚ ለመሆን ሲነሡ፣ መዝገቡ በከተማ ተዘግቶ ቢያገኙት፣ ስለ ገዛ መንደራቸው እንዲናገር የተፈቀደለት ሌላ ሰው ይሆናል። እንግዲህ የአባላት ቁጥር ጥያቄ በደቡብ ኦሞ ማን ስለ ማን ይናገራል ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

የግዴታ በር ሌላም ድካም አለው። ገቢው የሚመጣው ከአባሉ ሳይሆን ከውጭ እንግዳ ስለሆነ፣ እንግዳው በቀረ ጊዜ ማኅበሩ አብሮ ይቆማል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕመም በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የጎብኚው እግር ተቆረጠ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ጦርነት በመጀመሩ ችግሩ ተራዘመ። ደቡብ ኦሞ ከጦርነቱ ስፍራ እጅግ ሩቅ ቢሆንም፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው እንግዳ አገሩን ሁሉ እንደ አንድ ቆጥሮ ቀረ። በዚያ ዘመን እድሩ ጎብኚ ቢመጣም ቢቀርም መዋጮውን ከአባሉ ይሰበስብ ነበር፤ በጉዞ ክፍያ ብቻ የቆመ ማኅበር ግን የሚሰበስበው አልነበረውም።

በዚህ አጋጣሚ በትውልድ ብቻ ስለሚገባበት ሙያ ጥቂት እንበል። በአሪ ሕዝብ ዘንድ ማና ተብለው የሚጠሩ ሸክላ ሠሪዎችና ብረት ቀጥቃጮች አሉ፤ ከገበሬዎቹም ጋር በጋብቻ አለመቀላቀላቸው የቆየ ልማድ ነው። የአካባቢው ድስትና ማረሻ ከእነርሱ እጅ ይወጣ ነበር። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል እንጂ የመግቢያ ክፍያም ሆነ የመዋጮ ሳጥን የለውም። እንዲህ ያለው ሙያ በሩ በልደት የተዘጋ ስለሆነ ተራው አይረዝምም፤ ነገር ግን የጋራ ገንዘብ ስለሌለው፣ የፕላስቲክና የፋብሪካ ዕቃ ገበያውን ሲሻማው በጋራ የሚመክትበት አቅም ያንሰዋል። መዝገብ የዘጋ ማኅበርም ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ወደዚህ ሁኔታ ይጠጋል።

መምህራን፤ ገንዘቡ ሳይቆጠር የሚገባበት

በደቡብ ኦሞ በደመወዝ ከሚኖሩት መካከል መምህራን ዋናዎቹ ናቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ስለማይተዳደሩ የተደራጁት በሙያ ማኅበር ነው። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በአገሪቱ ካሉት የሙያ ማኅበራት በዕድሜም በአባላት ብዛትም ከፊተኞቹ ረድፍ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የትምህርት ሴክተር ጥናትን በመቃወም የጠራው የሥራ ማቆም አድማ ለአብዮቱ መነሻ ከሆኑት ድርጊቶች አንዱ እንደነበረ የታወቀ ነው።

የመምህራን መዋጮ በአመዛኙ ከደመወዝ ተቀንሶ የሚገባ ነው። የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው። ገንዘብ ሰብሳቢ ከጂንካ ተነሥቶ ወደ ኦሞራቴ ወይም ወደ ሐና መሄድ አያስፈልገውም፤ የመኪና፣ የአበልና የደረሰኝ ወጪ ይቀራል፤ ውዝፍም የለም። ጉዳቱ ግን ቀስ ብሎ የሚታይ ነው። አባሉ ገንዘቡን በእጁ ስለማይከፍል መክፈሉን ይረሳል፤ መሪውም ገንዘቡ ያለ ልመና ስለሚገባለት ለአባሉ ማስረዳትን ይረሳል። በሩቅ ወረዳ ያለ መምህር በየወሩ የሚቀነስበትን ያውቅ ይሆናል፤ ምን እንደተሠራበት ግን የሚነግረው አያገኝም።

ከዚህም የከፋ አደጋ አለ። መዋጮው በአንድ ቧንቧ የሚፈስ ከሆነ ቧንቧውን የያዘ ማኅበሩን ይይዛል። የመምህራን ማኅበር ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ለሁለት በተከፈለ ጊዜ፣ ሁለቱም ወገኖች እውነተኛው ማኅበር እኛ ነን ብለው ተከራከሩ። የማኅበሩ ስም፣ ንብረትና ገንዘብ የማን ነው የሚለው ክርክር በፍርድ ቤት 15 ዓመት ያህል ቆይቶ በ2000 ዓ.ም. ነባሩ ወገን ተሸንፎ ስሙንና ንብረቱን አጣ። ክርክሩ ማን ትክክል ነበር የሚለውን መወሰን የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ልናሳይ የፈለግነው፣ መዋጮ የአባሉ የፈቃድ ድምፅ መሆኑ ሲቀር፣ የብዙ ሺህ መምህራን ገንዘብ መምህራኑ ሳይጠየቁ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሊያልፍ እንደሚችል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ መቀነስ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት መሆኑን የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። አዋጁ የመንግሥት መምህራንን ባይመለከትም፣ የአባሉ ፊርማ ይቅደም የሚለው ሐሳብ ለማንኛውም ማኅበር ይጠቅማል።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ገንዘብ

አንዳንድ ማኅበራት ከአባል የሚሰበሰበው ትንሽ መሆኑን አይተው ወደ ውጭ ርዳታ ያዘነብላሉ። ይህም የራሱ ታሪክ አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ በሰብአዊ መብትና በመሳሰሉት ጉዳዮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ማኅበራት ከውጭ ምንጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢያቸው ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ። ለብዙ ሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከዚያ በኋላ የባንክ ሂሳቡ ታገደበት፤ አብዛኛውን ሠራተኛውንም ለማሰናበት ተገደደ። ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሮ፣ ማኅበራት ከውጭም ከውስጥም ገንዘብ ለማግኘት፣ ገቢ የሚያስገኝ ሥራም ለመሥራት መብት አግኝተዋል፤ ማኅበርም በ5 ሰዎች ሊቋቋም ይችላል። ትምህርቱ ግን አልተሻረም። ከውጭ ለጋስ የሚመጣ ገንዘብና ከጎብኚ የሚመጣ ገንዘብ በዚህ በኩል አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አባሉ ባልያዘው እጅ ሊዘጉ ይችላሉ።

አባል መጨመር ወይስ ያለውን ማቆየት

በፈቃድ በር የቆመ የሙያ ማኅበር ገቢው እንዲያድግ ምን ይበጀዋል? እዚህም ቁጥር ይረዳናል። አንድ ማኅበር 300 አባላት ቢኖሩትና መዋጮው በወር 10 ብር ቢሆን፣ በመዝገብ የዓመት ገቢው 36,000 ብር ነው። ነገር ግን የሚከፍለው ከመቶ 60 እጅ ብቻ ከሆነ በእጅ የሚገባው 21,600 ብር ነው። መሪዎቹ ደክመው 100 አዲስ አባላት ቢያስገቡና አከፋፈሉ ያው ቢሆን፣ ገቢው 28,800 ብር ይደርሳል። አንድም አዲስ አባል ሳያስገቡ ያሉት አባላት አከፋፈል ወደ ከመቶ 85 እጅ ቢያድግ ግን 30,600 ብር ይገባል። ይህም አዲሶቹን ፍለጋ የሚወጣው የጉዞ ወጪ ሳይታሰብ ነው። በደቡብ ኦሞ፣ ከወረዳ ወረዳ መሄድ ቀን በሚፈጅበት አገር፣ ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል። ስለዚህ የጠፋውን ከፋይ መመለስ አዲስ ስም ከመመዝገብ ይቀድማል።

ከፋዩስ የሚመለሰው በምን ነው? የጤና ባለሙያዎች ማኅበራት አንድ መንገድ ያሳያሉ። ባለሙያው የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና መውሰድ ስላለበት፣ ሥልጠናውን ለመስጠት ዕውቅና ያገኘ ማኅበር ለአባሉ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ይሰጣል፤ ገቢም ያገኛል። እድሩም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ሰው የሚከፍለው ገንዘቡ የሠራውን ሲያይ ነው።

ማጠቃለያና አሳብ

ከዚህ በላይ ከተባለው የምንደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው። የአባላት ማደግ ገቢን የሚያሳድገውና ነባሩንም የሚያስደስተው፣ ማኅበሩ የሚሰጠው ጥቅም ሰው ሲበዛ የማያንስ ሲሆን ነው። ጥቅሙ ተራ ብቻ ከሆነ አዲሱ አባል ተፎካካሪ ነው፤ ጥቅሙ ድንኳን፣ ሥልጠና ወይም የችግር ጊዜ መጠባበቂያ ከሆነ አዲሱ አባል ረዳት ነው። በዚህ መሠረት ለደቡብ ኦሞ ማኅበራት የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የአስጎብኚዎች ማኅበራት ከጉዞ ከሚገባው ሌላ ትንሽም ብትሆን ወርኃዊ መዋጮ ይኑራቸው፤ ከጉዞ የሚገባውም ከፊሉ እንግዳ ለሚቀርበት ዓመት መጠባበቂያ ሆኖ ይቀመጥ። መጠባበቂያው የታመመውንም አባል ቢረዳ፣ ነባሩ ሰው አዲሱ በመግባቱ ከሚያጣው ተራ በከፊል የሚተካ ነገር ያገኛል።

ሁለተኛ፣ የመግቢያው ክፍያ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከሚሠሩት ጉዞ ላይ ቀስ በቀስ የሚከፈል ይሁን። የመንደሩ ተወላጅ ወጣት ለአንድ ዓመት ያህል ከነባሩ ጋር በተለማማጅነት አብሮ ቢሄድ፣ ነባሩ ቋንቋና አገር አዋቂ ያገኛል፤ አዲሱም ሙያውን ይማራል።

ሦስተኛ፣ መዋጮ በተቀናሽ የሚሰበስቡ ማኅበራት የአባሉን ፊርማ በየጊዜው ያድሱ፤ ከሚሰበሰበውም የተወሰነው እጅ በወረዳው ቅርንጫፍ ቀርቶ እዚያው ሥራ ላይ ይዋል።

አራተኛ፣ የዓመቱ ሂሳብ በጽሑፍ ብቻ ሳይቀር በጉባኤ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ አማርኛ ለማይሰማውም በቋንቋው ይነገረው። ሂሳቡን ያልሰማ አባል ሂሳቡን አይጠብቅም።

የጂንካ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በዚያው አገር ሆኖ ይህን ጉዳይ በቅርብ ለማጥናት የሚችል ተማሪ አለ። የአንድ እድርና የአንድ አስጎብኚዎች ማኅበር መዝገብ ጎን ለጎን ተቀምጦ ለአምስት ዓመት ቢመረመር፣ እዚህ በሐሳብ ቁጥር ያስረዳነው በእውነተኛ ቁጥር ይፈተናል። መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን ይህን ሥራ ቢያነሡት፣ ጥቅሙ ለዚህ መጽሔት ብቻ ሳይሆን፣ በቀይ አፈርና በቱርሚ ገበያ ዳር ቆሞ መዝገቡ እስኪከፈትለት ለሚጠብቀውም ወጣት ነው።